በክረምት ፀሐይ የመታቸው አማቴ

አማቴ ፀሐይ ይወዳሉ። በበጋ ጠዋት ጠዋት ከኩሽናው ግድግዳ ሥር ዱካ መቀመጫቸውን ያስቀምጡና ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር መቀመጫቸውን እየጎተቱ አብረው ይዞራሉ። ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ከጓሮ ሆኖ «እማዬ የት ደርሰዋል?» ብሎ ከጠየቀኝ ሰዓቱን መጠየቁ ነው። «በሩ ጋ ደርሰዋል» ካልሁት ምሳ ደርሷል ማለት ነው።

ክረምት ሲገባ ግን ቤታችን ሰላም የለውም። እኛ የምንኖርበት ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ከሐምሌ ጀምሮ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጋቢ ጣሪያችን ላይ ይወድቃል። የአማቴ ጉልበት ቁርጥማት ይነሣል፤ ቁርጥማቱ ሲነሣ እሳቸውም ይነሣሉ። ወጡ ጨው በዛበት፣ ቡናው ቀጠነ፣ በሩ ተከፍቶ ቀረ። እኔ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ክረምቱን ሙሉ ቤት ነኝ። ባለቤቴ የሞተር ጀልባ ነጂ ስለ ሆነ ጣና ላይ ማዕበል ቢኖርም ባይኖርም ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ቁርጥማቱን የምንካፈለው እንግዲህ አማቴና እኔ ነን።

ያን ዓመት ባለቤቴ አንዲት ፈረንጅ ደንበኛ ነበረችው። ስለ እንቦጭ የምታጠና ሴትዮ ናት። አረሙ ሐይቁን የት የት እንደ ያዘው ለማየት ጀልባውን ትከራየዋለች። ስለ እሷ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚገርመው አንድ ነገር ነበር። ጀልባ ላይ ስትወጣ ፊቷን እንደ እርጎ በነጭ ቅባት ትለቀልቀዋለች፤ ሰፊ ባርኔጣ ታደርጋለች፤ በዚያ ላይ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ትስበዋለች። ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃዋን ለምታውቃቸው ሰዎች ስታካፍል ለእሱ የሰጠችው ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፀሐይ።

«ፀሐይ ሰጠችኝ» አለ፣ ከዝናብ ውስጥ ወደ ቤት ሲገባ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

«ምን ሰጠችህ?»

«ፀሐይ ነዋ! በመብራት የምትሠራ። አገራቸው ክረምቱ ጨለማ ስለ ሆነ ቤታቸው ውስጥ ያበሯታል።»

የባለቤቴ እንግሊዝኛ የጀልባ እንግሊዝኛ ነው። ጉማሬ፣ ገዳም፣ ቀስ በል፣ ተነሥተህ አትቁም፤ ከዚህ አያልፍም። ሴትዮዋ በረጅሙ አስረድታው ኖሯል። እሱ የያዘው «ፀሐይ»፣ «ፊት» እና «ጥሩ» የሚሉትን ነው። መካከል ላይ «ተጠንቀቅ» የሚመስል ነገር ብላ እንደ ነበር ትዝ ያለው ብዙ ቆይቶ ነው።

ዕቃውን ፈታነው። እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ነጭ ሣጥን ሆኖ ውስጡ ቀጫጭን ረጃጅም አምፖሎች ተደርድረውበታል። ጎኑ ላይ የሚሽከረከር ቁልፍ አለው። አብሮት ደግሞ በላስቲክ የታሰረ፣ ሁለት ጥቁር የሻይ ማንኪያ የሚያህል ትንሽ መነጽር ነበር። ስንሰካው ሐምራዊ የሚመስል ብርሃን አበራ።

አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው አዩት። «ይኸ ለጉልበት ይሆናል?» አሉ።

«ፀሐይ አይደል እንዴ፣ እማዬ? ለምን አይሆንም!» አለ ልጃቸው።

እንዲህ ሆኖ ፀሐይዋ የአማቴ ሆነች።

የመጀመሪያው ቀን ጉልበታቸውን አስጠጉ። በሁለተኛው ቀን «ከጉልበቴ ይልቅ ራሴን ይከብደኛል» አሉና ፊታቸውን አስጠጉ። መነጽሩን ሳያደርጉ አይቀመጡም። አደጋውን ስለሚያውቁ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የመጣ ነገር ሳይጠቀሙበት መቅረት ብክነት ስለሚመስላቸው ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። አማቴ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ ጸሎት በቃላቸው የሚያወርዱ ሰው ናቸው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያሽከረክሩና ዓይናቸውን በጥቁሩ መነጽር ሸፍነው ጸሎታቸውን ይጀምራሉ። መብራቱ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ጸሎቱ ካላለቀ፣ እጃቸውን ዳብሰው ይልኩና እንደገና ያሽከረክሩታል። የአማቴ ጸሎት ደግሞ አጭር አይደለም። ለሀገር፣ ለሐይቁ፣ ለሙታን፣ ለልጃቸው ጀልባ፣ መጨረሻ ላይ «ለምራቴም ልቡና ስጣት» ይላሉ፣ እኔ እንድሰማው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ፊታቸው መለወጥ ጀመረ። አማቴ ቀይ ናቸው። መጀመሪያ ዳማ ሆኑ፤ ቀጥሎ ጠይም ሆኑ። በዓይናቸው ዙሪያ ግን መነጽሩ ያረፈባቸው ሁለት ክቦች እንደ ነበሩ ቀሩ። ጉጉት መሰሉ፤ ይህን ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

«እማማ፣ ፊትዎ ትንሽ...» ብዬ ጀመርሁ አንድ ቀን።

«ምን ሆነ?»

«ወዝ አወጣ።»

«ፀሐይዋ ናት» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

የደብረ ታቦር ዕለት ከቅዳሴ ሲመለሱ አብሬያቸው ነበርሁ። የዕለቱ ትምህርት እንግዲህ በተራራው ላይ ስለ ታየው ብርሃን ነው። ከቅጥሩ በር ላይ ጎረቤታችን የሆነች ሴት አማቴን አየችና ቆመች። ይህች ሴት ጉንጯ ላይ ማድያት ወጥቶባት ያልሞከረችው ቅባት የለም፤ የሰው ፊት ስታይ በጥልቀት ነው የምታየው።

«እማማ! ፊትዎ... በርቷል!»

«ኧረ ተይ፣ ልጄ» አሉ አማቴ፤ ነጠላቸውን ግን ትንሽ ገለጥ አደረጉት።

«እውነቴን ነው! ዓይንዎ ዙሪያ ደግሞ ብርሃን ከቦታል።»

ሌሎች ሴቶች መጡ። አንዷ ክቡን አይታ አማተበች። ሌላዋ ስለ ጾሙ ጽናት ተናገረች። አማቴ ስለ መብራቱ ሊነግሯቸው አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ መልሰው ሲዘጉትም አየሁ። መንገድ ላይ «ለምን አልነገሯቸውም?» ብላቸው «ሰው በበዓል ቀን ደስ ካለው ምን አገባን?» አሉኝ።

ጎረቤታችን ግን በወሬ ብቻ የምትመለስ አልነበረችም። ከሰዓት በኋላ ሙልሙል ይዛ መጣች። አማቴም ከሙልሙሉ ሲቀምሱ ልባቸው ራርቶ ምሥጢሩን አወጡላት። መብራቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ማድያት ያጠፋ ይሆን?»

«ፊት የሚያበራ ነገር ማድያት ምን ያቅተዋል?» አሉ አማቴ፣ እንደ ሐኪም። «ነገ ነይ። ዛሬ ግን ጉልበቴ ብሶበታል፣ የእኔ ተራ ነው።»

ያን ዕለት ስለ ተመሰገኑ ነው መሰለኝ ጸሎቱንም መብራቱንም እጥፍ አደረጉት። ሣጥኑንም ወደ ፊታቸው ይበልጥ አስጠጉት። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ አገኛቸውና እጁን ወደ ብርሃኑ ሰደደ።

«እማዬ፣ ይኸ እኮ አይሞቅም!»

«ትንሽ ለብ ይላል» አሉ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ።

«ፀሐይ እንዲህ አትሆንም። ተበላሽቷል ማለት ነው።»

እናቱን አስነሣና ብሎን መፍቻ ይዞ ፊት ለፊቱ ተንበረከከ። ባለቤቴ የሞተር ሰው ነው፤ ነገር ሲበላሽ ጠጋ ብሎ ያያል። መብራቱን ሳያጠፋ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አንዱን አምፖል ከአንዱ እያወዳደረ ብዙ ቆየ። «ውስጡ ምንም የለበትም» አለ በመጨረሻ። ተነሥቶ እጁን ታጠበና በላ።

ጎህ ሲቀድ የነቃሁት በባለቤቴ ጩኸት ነው። «አሸዋ! ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ!» ይላል። ዓይኑ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። መስኮት ስከፍት «ዝጊው! ዝጊው!» ብሎ ትራሱን ፊቱ ላይ ጫነ። ውኃ ላመጣ ስወጣ ከአማቴ ክፍል ደግሞ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

«አንች! ነይ እስቲ! ፊቴን ማን ወሰደው?»

ፊታቸውስ አልተወሰደም። እንደ ቲማቲም... አይ፣ እንደ ምንም አልነበረም፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ግንባሩና ጉንጩ በርበሬ መስሎ አብጧል፤ ዓይናቸው ዙሪያ ግን ሁለቱ ክቦች ንጹሕ ናቸው። ሳቄ መጣ፤ ደነገጥሁም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ ያልደረሰበት አያውቅም። ከንፈሬን ነክሼ ነጠላ አለበስኋቸው።

ሆስፒታል ለመሄድ ባጃጅ ጠራሁ። ዝናቡ ያወርደዋል። አማቴን በቀኝ፣ ባለቤቴን በግራ አስቀምጬ፣ መካከላቸው ሆኜ መብራቱን በኩታ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቀፍሁት፤ ሐኪም ይየው ብዬ ነው። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየን። አንዱ ዓይኑን በፎጣ ሸፍኗል፤ አማቴ እስከ አፍንጫቸው በነጠላ ተጀቡነዋል።

«ምነው፣ ጋዝ ፈነዳባችሁ?» አለ በርኅራኄ።

«አይደለም» አልሁት።

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ውሸት አልመጣልኝም። «ፀሐይ መታቸው።»

ድልድዩ ላይ ደርሰናል። ዓባይ ደፍርሶ ይጋልባል፤ የዝናቡ ብዛት ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም። ነጂው ወደ ሰማይ አየ፤ ወደ እኛ አየ። ስንወርድ «እግዜር ይማራችሁ» አለ፤ እኔን ነው ያየው።

የቆዳ ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። የአማቴን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ስታይ ፊቷን ወደ መዝገብ መደርደሪያው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሳል መስላ ጨረሰችና ተመለሰች። ኩታውን ፈትቼ መብራቱን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥላት ግን ሳቋ ጠፋ።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ለጉልበቴ ማሞቂያ ነው» አሉ አማቴ።

«ማሞቂያ አይደለም፣ እናቴ። ፈረንጆች ቤታቸው ሆነው ገላቸውን የሚያጠቁሩበት መብራት ነው።»

«የሚያ... ምን?»

«የሚያጠቁሩበት። ጠይም ለመምሰል።»

አማቴ ነገሩን ከላይም ከታችም አገላብጠው አዩት መሰለኝ። «ጠይም ለመምሰል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰው ይኸን ይሰካል?»

«ይሰካል።»

«እግዚኦ!»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «ፀሐይ ከምናየው ብርሃንና ከሚሰማን ሙቀት ሌላ፣ ዓይን የማያየው ጨረር አላት። አልትራቫዮሌት ይባላል። ይህ መብራት ያንኑ ጨረር በቅርብ ይረጫል። ስለማይሞቅ ሰው ምንም አልነካኝም ብሎ ይቀመጣል። የሚያቃጥለው ከተነሡ ከሰዓታት በኋላ ነው።»

«መጀመሪያ ግን አማረብኝ እኮ! ሰው ሁሉ ፊትዎ በራ አለኝ።»

«ያ ማማር አይደለም። ቆዳ ሲጎዳ ጃንጥላ ይዘረጋል። ጥቁሩ ቀለም ጃንጥላው ነው፤ ጨረሩ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ጃንጥላ የዘረጋ ሰው ካዩ ዝናቡ ጀምሯል ማለት ነው፣ እናቴ።»

ባለቤቴ ከፎጣው ሥር ሆኖ «እኛ ሐበሾች ግን ፀሐይ አይበላንም ይባላል» አለ።

«የኛ ጃንጥላ ከነሱ ይሻላል» አለችው። «ጃንጥላ ግን ቆርቆሮ ቤት አይደለም። የአንተ ዓይን ደግሞ ጭራሽ ጃንጥላ የለውም፤ የተቃጠለው የዓይንህ ፊት ነው። እናትህ ይህችን መነጽር ስላደረጉ ዓይናቸው ተርፏል።»

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? ከዕቃው ጋር የመጣ ነገር ዝም ብሎ አይመጣም።»

ጎረቤቴ ትዝ አለችኝና «ማድያት ግን ያጠፋ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያባብሰዋል እንጂ! ማድያት ያለበት ሰው ከፀሐይም ቢሆን መጠለል አለበት። ይህ ነገር ሲደጋገም ቆዳን ያሸበሽባል፣ ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። በዓመታት ብዛት የቆዳ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ስላቃጠለዎት አይፍሩ፤ ከእንግዲህ ግን አይጠጉት።»

ለአማቴ ቅባት አዘዘችላቸው፤ ለጉልበታቸውም ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት አድርገው እንዲይዙ ነገረቻቸው። ባለቤቴን ወደ ዓይን ክፍል ሰደደችው። ጠብታ ተሰጥቶት፣ ጨለማ ክፍል ተኝቶ እንዲያርፍ ተነገረው፤ ቶሎም ዳነ። ሐኪሟ መብራቱን «ለሕክምና ተማሪዎቼ ላሳያቸው» ብላ ስትጠይቀን ሦስታችንም በአንድ አፍ «ውሰጂው!» አልን። ስንወጣ አማቴ ከበሩ ተመልሰው «ልጄ፣ ተማሪዎቹ እንዳይሰኩት» አሏት።

ቤት እንደ ደረስን ጎረቤታችን ተራዋን ይዛ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት። አማቴ ነጠላቸውን ገለጡላት። ጮኸች። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርናት፤ ካንሰሩንም ማድያቱንም። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችንና በመጨረሻ «ትንሽ ጥግ ጥጉን ብቻ ብሞክረውስ?» አለች።

«ሆስፒታል ነው ያለው» አሉ አማቴ። «ታሟል።»

ከዚያ መላጥ መጣ። የአማቴ ፊት እንደ ተቀቀለ ድንች ቅርፊቱን ይጥል ጀመር። የነፍስ አባታቸው ሊጠይቋቸው የመጡት በዚሁ መካከል ነው። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡና ተቀመጡ። አማቴ እስከ ዓይናቸው ተሸፍነዋል።

«በደብረ ታቦር ፊትዎ በርቷል እየተባለ ስሰማ ሰነበትሁ» አሉ የነፍስ አባታቸው። «ሰው ምን የማይለው አለ? እኔው ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።»

አማቴ ነጠላውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

አባ ብዙ አዩ። ጢማቸው ተነቃነቀ። «ታዲያ... ሲበራ አልነበረም?»

«ሲበስል ነበር፣ አባቴ» አሉ አማቴ።

አባ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። እኔም ከጓዳ ሆኜ እንጀራ የያዝሁትን ትሪ አስቀምጬ ሳቅሁ። አማቴ ብቻ አልሳቁም። ሰዎቹ ሲያመሰግኗቸው ዝም ማለታቸውን ተናገሩና ንስሓ እንዲሰጧቸው ለመኑ። አባ እንባቸውን እየጠረጉ «ፊትዎ ሰጥቶዎታል፣ እኔ ምን እጨምራለሁ?» አሏቸው።

ባለቤቴ ዓይኑ ከዳነ በኋላ የፀሐይ ነገር ሥጋት ሆነበት። ሐኪሟ ጨረሩ በቀጭን ደመና ውስጥም እንደሚያልፍ፣ ውኃም ከሥር እንደሚመልሰው ነግራዋለች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ በባዶ ራሱ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። አሁን ከገበያ አንድ ትልቅ የሣር ባርኔጣ አምጥቶ ነፋስ እንዳይወስድበት በእኔ ሻሽ አገጩ ሥር ያስረዋል። ጓደኞቹ ወደቡ ላይ «ሙሽሪት መጣች» ይሉታል። እሱ ግን «ዓይንህ አሸዋ ሲሞላ ታየኛለህ» እያለ ሞተሩን ያስነሣል።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ በደንብ ከከረረች በኋላ አማቴ ዘጌ ለመሳለም በልጃቸው ጀልባ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። ከእኛ ጋር ፈረንጆች ተሳፍረዋል። አንዱ ወጣት ልብሱን አውልቆ ከጀልባው አፍንጫ ላይ በደረቱ ተኛ፤ እንቅልፍም ወሰደው። ጀርባው ሲቀላ አማቴ ያዩታል። ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አንች፣ ይኸ ልጅ እየበሰለ ነው።»

«ፈቅዶ ነው እኮ፣ እማማ። ይወዱታል።»

«መውደድማ እኔም ወድጄ ነበር።»

ተነሡ። ጀልባው ይወዛወዛል፤ ባለቤቴ «እማዬ፣ ይቀመጡ!» ይላል። አማቴ የሰው ትከሻ እየተደገፉ ሄዱና አዲሱን ነጠላቸውን አውልቀው ልጁን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሸፈኑት። ነቃ። ቀና ብሎ ነጠላውን ዳሰሰ፤ አማቴን አየ። ምን እንደ መሰለው እንጃ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡ።

ዘጌ ስንደርስ ነጠላውን ለብሶ ወረደ። ቤተ ክርስቲያኑን በነጠላው ዞረ፤ ስንመለስም ለብሶት ነበር። ባሕር ዳር ወደብ ላይ አማቴን ተሰናብቶ፣ ነጠላውን በትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ወደ ሆቴሉ ሄደ።

«እማዬ፣ ልጥራልዎት?» አለ ባለቤቴ።

አማቴ ባዶ ትከሻቸውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ተመለከቱት።

«ተወው» አሉ። «ግን ሲያጥበው በሙቅ ውኃ እንዳያጥበው ንገረው፤ ጥለቱ ይለቃል።»

ባለቤቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሮጠ። በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደ ነገረው አላውቅም። ልጁ ግን እንደገና ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ።